የደብረ ማርቆስ መብራት ጮቄ ላይ ደረሰ፤ ምን እናድርግ?

የመክፈቻ ጽሑፍ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ታኅሣሥ 14 ለ15 አጥቢያ ጮቄ ተራራ ላይ አደርኩ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ጠብቄ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወጣሁና፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ጅባራ ከቆመበት ጓሳ ላይ ካሜራዬን ተከልኩ። የፈለግሁት ሰማዩ ሲዞር ማሳየት ነው፤ ታይምላፕስ የምንለውን። በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይነሣል፤ በሰዓት 120 ይሆናል። በሰከንድ 24 እየሆነ ሲያልፍ የሁለት ሰዓት ሥራ 10 ሰከንድ ይወጣዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሳላቋርጥ ሠርቼ 50 ሰከንድ ይዤ ወረድኩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አራት ሰዓት ላይ ሰባቱ ከዋክብት አናቴ ላይ ደረሱ፤ ከእነሱ ብዙም ሳትርቅ ማርስ እንደ ፍም ቀልታ ነበር። ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ከሰሜን ምዕራብ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ሰማዩን ለሁለት ከፈለው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ የደቡብ መስቀል ከሸንተረሩ በላይ ብቅ አለ። የሰሜን ኮከብ በእኛ አገር ዝቅ ያለ ነው፤ ጮቄ ላይ ከአድማሱ በ10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ በሞጣ አቅጣጫ ይቆማል፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይዞራል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ምድር እንደምትዞር ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ሐዘኔ ከዚህ ይጀምራል። በደቡብ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ያልጠፋ የነጣ ብርሃን አለ። በ2009 ከዚያው ቦታ ባነሣሁት ፎቶ ላይ አድማሱን የሚልስ ቀጭን መስመር ነበር። ዘንድሮ ክንዴን ዘርግቼ በጭብጤ ስለካው ጭብጤን ይሞላል። ደብረ ማርቆስ ነው፤ በአየር 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በምዕራብም በኩል ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የመጣ የመሰለኝ ሌላ ብርሃን አይቻለሁ። ከሁሉም የባሰው ግን ከተራራው ሥር ባለች ትንሽ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ የተሰቀለ ፓውዛ ነው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙረውት አምስት ሰዓት ላይ እስኪጠፋ ድረስ የጅባራውን ጥላ መሬት ላይ ይጥል ነበር። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የብርሃን ብክለት ጎጃም ገብቷል፤ ሌሎቻችሁስ አይታችኋል? ምንስ ማድረግ እንችላለን?

መልሶቹ

መልስ 1 ከባሕር ዳር ነው። እንኳን በሰላም ወረድክ ካለ በኋላ፣ ልጅ ሳለ ከቤታቸው ደጅ ፍኖተ ሐሊብን ያይ እንደነበርና አሁን ከከተማው ውስጥ ሆኖ ካየው ዓመታት እንዳለፉ ጻፈ።

መልስ 2 የእኔን ስሕተት ነው የያዘው፣ በትክክል ይዞታል። ፎቶዎቹን አጉልቶ ሲያይ ከዋክብቱ ነጥብ መሆን ሲገባቸው የገብስ ፍሬ ሆነው አገኛቸው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 21 ሰከንድ ከፍቼ ነበር፤ ኮከብ ሳይሳብ ስንት ሰከንድ መክፈት እንደሚቻል ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል የተለመደ ነውና፣ 500ን ለ24 አካፍዬ ማለት ነው። ካሜራዬ ግን ትንሹን ሴንሰር የያዘው ዓይነት ስለሆነ፣ 24ቱን በአንድ ተኩል ማባዛት ነበረብኝ። 500 ለ36 ሲካፈል 14 ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በላይ ከተከፈተ ኮከቡ ይሳባል። አመሰግናለሁ፤ ሌሊቱ አይመለስም እንጂ ትምህርቱ ቀርቶልኛል።

መልስ 3 ስለ ቀሪው አሠራር ጠየቀ። ለእሱ የመለስኩትን እዚህም ልድገመው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 2.8 የተከፈተ፣ የቀለም ሚዛኑ ከአውቶማቲክ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ የታሰረ (ካልታሰረ ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል)፣ ፎከሱ በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ የተስተካከለ።

መልስ 4ን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የጻፈችው ፊዚክስ የምታስተምር ናት። በምዕራብ ያየሁት ብርሃን ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም እንዳልሆነ በልበ ሙሉነት ነገረችኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአድማሱ እንደ ድንኳን ሾጠጥ ብሎ የሚቆመው ይህ ብርሃን፣ በፕላኔቶቹ መካከል የተበተነ ደቃቅ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ የሚታይ ነው፤ ዞዲያካል ላይት ይሉታል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከሌላው ዓለም በተሻለ ቀጥ ብሎ ይታየናል። መለያውንም ሰጠችን፦ የከተማ ብርሃን ቦታውን አይለቅም፣ ይህኛው ግን ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይጠልቃል።

መልስ 5 አልተቀበላትም። በበጋ ገበሬው ማሳ ሲያቃጥል የሚነሣው ጭስና አቧራ አድማሱን እንደሚያደበዝዘውና ያየሁትም ያ ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ጭሱ እውነት ነው፤ የበጋ ሰማያችን ከታች በኩል ጥርት አይልም።

መልስ 6 የእኔ ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አለፍኳቸው። የምዕራቡ ብርሃን ሾጣጣ ነው፤ ወደ አድማሱ እየወረደ ሄዶ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የለም። የደቡብ ምዕራቡ ግን ንጋት ድረስ ከቦታው ፈቀቅ አላለም። መምህርቷ ልክ ናት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬን ያለ ጥፋታቸው ከስሼ ነበርና ክሴን አንስቻለሁ። እግረ መንገዴን፣ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓትና ሊነጋጋ ሲል በተነሡት ፎቶዎች ላይ የሚያቋርጡት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሳተላይቶች ናቸው። እኩለ ሌሊት ላይ የምድር ጥላ ስለሚውጣቸው ዝቅ ብለው የሚዞሩት አይታዩም።

መልስ 7 ቪዲዮው ላይ ምን ዓይነት ዜማ ይግባ የሚል ነበር፤ ዋሽንት ይሁን፣ በገና ይሁን ተባለና ታለፈ።

መልስ 8 ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ውይይት፣ አዞረው። የጻፈችው በድጎ ፅዮን በኩል፣ ከጮቄ ሥር በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የምታስተምር እህት ናት። ቀበሌዋ ኮረንቲ የለም። ተማሪዎቿ በኩራዝ፣ ያለው ደግሞ በትንሽ ሶላር ያጠናሉ። አምና ምጥ የጠናባትን ጎረቤታቸውን በሌሊት በቃሬዛ ሲያወርዱ መንገዱን ያሳያቸው የአንድ ሰው ስልክ ባትሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሽ መንገድ ላይ ሞተ። እኔ በሐዘን የጻፍኩለትን የደብረ ማርቆስ ብርሃን ማታ ማታ ከደጃቸው ሆነው ልጆቹ ያዩታል፤ አንድ ቀን ወደ እኛም ይመጣል ይላሉ። ጨለማ እንዲጠበቅ የምንፈልግ ሰዎች፣ ጨለማ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ጠይቀን እናውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ብርሃንን ብክለት ብሎ መጥራት የጠገበ ሰው ቋንቋ መሆኑንም ሳትሸሽግ ተናገረች።

መልስ 9ን መልሼ አልጽፈውም። ጥበብ የማይገባው ሰው ሰማይም አይገባውም የሚል ስድብ ያዘለ ነበር። መልስ 10 ወዲያው ገሠጸው፤ እህታችን ከኑሮዋ ተነሥታ ላቀረበችው ቃል የሚገባው መልስ እንጂ ዘለፋ አይደለም አለ፤ ይቅርታም እንዲጠይቅ ጠየቀው። አልጠየቀም። እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስም አልተመለሰም።

መልስ 11 እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነው የጻፍኩት። ለእህቴ ያልኳት ይህ ነው፦ በልጅ ደብተር ላይ የሚያርፍ ብርሃን፣ ነፍሰ ጡር የምትወርድበትን መንገድ የሚያሳይ ብርሃን ብክለት አይደለም፤ እንደዚያ የተሰማሽ ከሆነ አጻጻፌ ነው ያጠፋው። ብክለት የምለው ከዚያ ደብተር ላይ ተወስዶ ወደ ሰማይ የሚረጨውን ነው። ማንም አያነብበትም፣ ማንም አይሄድበትም፣ የሚከፈልበት ግን ተከፍሎበታል። የእናንተ ቀበሌ መብራት ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ መሬት የዞረ መብራት ቢሰቀልላችሁ፣ ደብተሩም ይበራል፣ ሰባቱ ከዋክብትም ለልጆችሽ ልጆች ይቀራሉ። ከልቤ ነው።

መልስ 12 ደግሞ ይህን ሐሳብ ከወሬ ወደ ሥራ ያወረደው ነው። በደምበጫ አካባቢ የመብራት ዝርጋታ ሠራተኛ ነው። ፓውዛ የሚያስተክሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከሩቅ እንዲታይላቸው ፊቱ ቀና እንዲል እንደሚያዝዙት ጻፈ። ቀና ያለ ፓውዛ ግማሹን ለሰማይ ይሰጣል፤ የቀረውን በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይረጫል። ዓይኑ የተወጋ ዘበኛ ከመብራቱ ጀርባ የቆመውን ሌባ አያይም። መፍትሔው ቀላል ነው አለ፦ የፓውዛውን ማሰሪያ ብሎን ፈታ አድርጎ መስታወቱን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጎ ወደ ታች መድፋት። ማጋደል ግድ ከሆነ ከላይና ከጎን የላሜራ ክዳን ማሠራት፤ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ሲደፉት ብርሃኑ መሬት ላይ ስለሚበዛ፣ እሱ ራሱ የ100 ዋት ፓውዛ አውርዶ በ50 የተካባቸው ግቢዎች እንዳሉም ነገረን። ለቀለሙም ምክር ሰጠ። ኤልኢዲ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ 6500 የሚል የተጻፈበት ነጭ ነው፤ 3000 የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፤ ለውጪ ቢጫውን ውሰዱ።

የፊዚክስ መምህርቷ በመልስ 13 ተመልሳ ምክንያቱን አከለችበት። ሰማያዊነት የበዛበት ብርሃን በአየር ውስጥ ከቢጫው ይልቅ በብዛት ይበተናል። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖ ሜትር የሆነው ሰማያዊ ከ600ው ብርቱካናማ ሦስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ነገር ነው ሌሊት የነጩን ፓውዛ ብርሃን ሰማዩ ላይ የሚቀባው።

በመልስ 14 እና 15 ነገሩ ቁጥር ቆጠራ ሆነ። 14ኛው፣ ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በሳተላይት የተለካው በመብራት የተሸፈነ የምድር ገጽ በዓመት 2.2 በመቶ ብቻ እንደጨመረ ጠቅሶ ነገሩን አታጋንኑት አለ። 15ኛው ጠንከር ብሎ አረመው። በዚሁ በጥር ወር በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሰዎች በዓይናቸው ሰማይ አይተው የመዘገቧቸውን ከ51 ሺህ በላይ ምልከታዎች ሰብስቦ፣ የሰማዩ ብርሃን በዓመት በአማካይ 9.6 በመቶ እየጨመረ መሆኑን አግኝቷል። 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ልጅ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ 18 ዓመት ሲሞላው የሚታየው 100 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁት ሳተላይቱ ወደ ጎን የሚሄደውን ብርሃንና የኤልኢዲውን ሰማያዊ ክፍል በደንብ ስለማያይ ነው። ይህን ካለ በኋላ አብዛኛው ምልከታ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ መሆኑን ራሱ መስክሯል። ለእኛ አገር በቀጥታ አይገለበጥም፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለ ጎጃም ሰማይ የሚመዘግብ ከሌለ ግን መቼም አይታወቅም።

መልስ 16 እንጦጦን አነሣ። ሁለቱ የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉበት ኮረብታ ከአዲስ አበባ አናት ላይ ስለሆነ የከተማው ብርሃን እንደሚያስቸግራቸው፣ ለታሰበው ትልቅ ቴሌስኮፕ በላሊበላ በኩል ያሉ ተራሮች ሲጠኑ መቆየታቸውን ጻፈ። ጮቄስ ለምን አይጠናም የሚል ጥያቄም ጣል አድርጎ ሄደ። የክረምቱን ደመና ግን አልቆጠረውም። የፍኖተ ሐሊብ መሐል በመሸ ጊዜ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ የሚያበራው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያኔ ጮቄ ላይ የሚታየው ጉም ነው።

ከ17 ጀምሮ ክሩ ወደ ጨረቃ ሄደ፤ እኔ ግን ወጣ ያለ አልመሰለኝም። የጻፉት ዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ አሁን እሳቸውም የሚያስተምሩ አባት ናቸው። ሁላችንም የኔታ እያልን በአንቱታ ነው ያነጋገርናቸው። በተማሪነታቸው ደበሎ ለብሰው ከጎጆው ውጪ በጀርባቸው ተኝተው፣ ሰማዩን እያዩ ቅኔ ይቆጥሩ ነበር። ኩራዝ ስላልነበረ ትምህርቱ በቃል ነው፤ ጨለማው ለጆሮ ይመች ነበር። ከዚያ ጥያቄ አቀረቡልኝ። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የጨረቃ ዕድሜ የዓመቱ ቁጥር (አበቅቴ)፣ የወሩ ማስተካከያ (ሕጸጽ) እና የቀኑ ድምር ነው። የ2015 አበቅቴ 9 ነው፤ የታኅሣሥ ሕጸጽ 2፤ ቀኑ 14፤ ድምሩ 25። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ጨረቃ ገና አላለቀችም፣ ሊነጋ ሲል መውጣት ነበረባት። እንዴት ጨረቃ የለም ልል ቻልኩ?

በፎቶዎቼ ላይ ግን እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጨረቃ የለችም። መልስ 18 ምክንያቱን በትሕትና አስረዳ። የባሕረ ሐሳብ ስሌት የቆመበት የ19 ዓመት ዙር ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይራራቃል። ስሌቱ ከተቀመረበት ከጥንቱ ዘመን ወዲህ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ወደ አምስት ቀን ደርሷል፤ ጨረቃ ከቁጥሯ ቀድማ ትወለዳለች። በዚሁ ስሌት 30 የሚሞላው ታኅሣሥ 19 ነበር። አንድ ጓደኛው ያን ሌሊት ጨለማ ይሆናል ብሎ ወጥቶ፣ የአምስት ቀን ጨረቃ እስከ አምስት ሰዓት ምዕራብ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

መልስ 19 ተቆጣ። የአባቶችን ቀመር በስልክ አፕ መመዘን ድፍረት ነው ብሎ ረጅም ወቀሳ ጻፈ። ያበረዱት የኔታ ራሳቸው ናቸው፤ መልስ 20። ስሌቱ የተሠራው በዓላትንና አጽዋማትን ለማስማማት መሆኑን፣ ለዚያም ዛሬ ድረስ እንደሚያገለግል ገለጹ። ቀጭኗን ጨረቃ ከቁጥሯ ቀድማ ብዙ ጊዜ እንዳዩና መምህራቸውም ይህን ያውቁ እንደነበር አጫወቱን። ፎቶ ለማንሣት ከሆነ ጨረቃዋን ራሷን ጠብቁ አሉ። 19ኛው ምስጋና ጽፎላቸው ዝም አለ።

በመልስ 21 ጅራታሟ ኮከብ መጣች። ዘንድሮ ስሟ የገነነው አረንጓዴዋ፣ ጥር 24 ለምድር በጣም የምትቀርበው ናት። እስከዚያ ለእኛ ወደ ሰሜን ዝቅ ብላለች፤ ከዚያ ከፍ እያለች ሄዳ የካቲት 3 እና 4 ምሽት ከማርስ አጠገብ ትሆናለች። ማርስ በዚያ ሰዓት አናታችን ላይ ስለሆነች መፈለጊያዋ ቀላል ነው። በዓይን ብቻ ለማየት እንደ ጮቄ ያለ ጨለማ ያስፈልጋታል፤ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው የሩቅ ማያ መነጽር ይያዝ።

መልስ 22 ሌንስ ላይ ስለሚያርፈው ጤዛና ውርጭ ሲሆን፣ የሞቀ ውሃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ካልሲ ውስጥ ከትቶ ከሌንሱ ጋር ማሰር ይጠቅማል አለ። ትርፍ ባትሪም ከገላ ተጠግቶ ጋቢ ውስጥ ይደር። ብርድ ባትሪን ቶሎ ያዳክማል፣ እኔም ሁለቱን በዚህ አጥቻለሁ።

መልስ 23 ቦታውን በትክክል መጥቀሴን ነቀፈ። ሰው ተግተልትሎ ወጥቶ ጓሳውን ይረግጠዋል፣ ጅባራውን እያቃጠለ ይሞቀዋል፣ ፕላስቲክ ይጥላል አለ፤ ቃሉ መራር ነበር። አልተከራከርኩትም። ከመክፈቻው ላይ የቦታውን ካርታ አንስቻለሁ።

መልስ 24 ከ12ኛው፣ ከዝርጋታ ሠራተኛው ነው። ለሥራ ወደዚያች ከተማ ሲያልፍ እኔ ያማረርኩበት ግቢ ጎራ ብሎ ዘበኛውን አነጋገረ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መብራቱ ዓይናቸውን እየወጋው በሩን ለማየት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው እንደሚያድሩ ነገሩት። ኃላፊውን አስፈቅደው መሰላል አመጡለት፤ ሁለት ብሎን ፈታ፣ ፓውዛውን ደፋው፣ መልሶ አሠረው። ማታ ከበሩ ፊት ለፊት ያነሣውን ፎቶ ለጥፎልናል፤ ደጁ ከነኮረኮንቹ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከጀርባው ያለው ተራራ ጠቁሯል። ዋጋ አልጠየቀም። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

መልስ 25፣ የድጎ ፅዮኗ እህቴ ናት። የብሎኑን ነገር ለቀበሌያቸው ሊቀመንበር እንዳነበበችለትና መብራት የሚገባ ቀን እንደምታስታውሰው ጻፈች። ቀጥላም የካቲት 4 ምሽት ተማሪዎቿን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ልትሰበስባቸው እንዳሰበች ነግራን፣ ስንት ሰዓት ላይ ወዴት ይዩ ብላ ጠየቀች።

መልስ 26 ከእኔ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ጨረቃ ሳትወጣ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ቀይዋን ማርስን ያግኙ፤ ከእሷ አጠገብ እንደ ትንፋሽ የደበዘዘች ነገር አለች። አስቀድመው ሩብ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ፤ ስልክ የሚያበራ ሰው አይኑር። የሩቅ ማያ መነጽር አለኝ፣ በዚያው ሰሞን በሚወጣ መኪና እልክልሻለሁ። እኔ የምወጣው የካቲት 13 ነው፤ ጨረቃ ያን ቀን የለችም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የፍኖተ ሐሊብ መሐል በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይወጣል። ሦስት ሰው ቦታ አለኝ። ጋቢና የራሳችሁን ትራይፖድ ይዛችሁ ኑ፤ በ14 ሰከንድ ነው የምንሠራው።